ሰው ሳይሞት የተነፋ ጡሩንባ

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ የዲንቄን ጡሩንባ የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ እንቅልፉ ከሞት የማይለይ ሰው ነው። ዲንቄ የሰፈሩ እድር ጡሩንባ ነፊ ናት። ሰው ሲያርፍ በየቅያሱ እየዞረች ሦስት ጊዜ ትነፋና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ትናገራለች። በሌላ ሰፈር ሴት ጡሩንባ ነፊ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ጠመንጃ ያዥ ግን አላት፣ ያውም ሳንባዋ የሦስት ወንድ ነው።

ሥራውን ያገኘችው ከባሏ ነው። ባሏ ቶሌሳ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጡሩንባውን ሲነፋ ኖሮ አንድ ሐሙስ ጠዋት እሱም በተራው አረፈ። ያን ጊዜ እድሩ አስቦት የማያውቀው ጣጣ መጣ። ጡሩንባ ነፊው ሲሞት ማን ይንፋለት? ወንዶቹ ተራ በተራ ሞከሩ። አንዱ ሲነፋ ጉንፋን የያዘው በሬ መሰለ፤ ሌላው ፊቱ እስኪቀላ ታግሎ የወጣለት ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ዲንቄ ከለቀስተኞቹ መሀል ተነሣችና ወዲህ በሉ፣ ቶሌሳ በዚህ ዓይነት ጩኸት አይሸኝም ብላ ተቀበለቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመት እያየችው ኖራ ከንፈር እንዴት እንደሚገጥም፣ ትንፋሽ ከየት እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። አንዴ ስትነፋው ሰፈሩ በሙሉ ከቤቱ ወጣ። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንግዲህ አንቺው ተባለች፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ።

በቀረው ጊዜዋ ልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍ ትሸጣለች። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ስታወራ እጇ አያርፍም፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ አትከልልም። በቅያሱ ፈጠን ፈጠን ብላ ስትሄድ ያያት ሰው ሁሉ ቀጥ ይልና፣ እትዬ ዲንቄ ዛሬ ደግሞ ለማን ነው ይላታል። እሷም ሽንኩርት ልገዛ ነው፣ ለእናንተ ገና ነው ብላ ታልፋለች።

ይህች አፈ ደፋር ግን አንድ የምታፍርበት ነገር ነበራት።

የምትኖረው አምስት ቤተሰብ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ከፊት ለፊቷ ኢሊሊ ነገሪ የምትባል፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ወጣት ሴት ከባሏ ከበሱፍቃድ ጋር ትኖር ነበር። በሱፍቃድ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ደጅ ላይ ላገኘው ሰው ሰላምታው ማር ነው፤ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው ይነሣል። ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱን ይደበድባል። ይህን ግቢው በሙሉ ያውቃል። በአንድ በኩል በግድግዳ የሚዋሰኗት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረጊዮርጊስ ያውቃሉ፣ በሌላው በኩል ያለችው ዙሃራ ታውቃለች፣ ዲንቄም ታውቃለች። የኢሊሊ ጩኸት ሲጀምር በየቤቱ ቴሌቪዥን ከፍ ይላል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፣ በመሀላቸው የሚገባ አይመሰገንም፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ለዝምታ መቼም ተረት አይጠፋለትም።

ሽምግልናም ተሞክሯል። አቶ ገብረጊዮርጊስ የመሩት ሽምግልና ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። ሁለቱንም ጊዜ በሱፍቃድ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፣ ለሚስቱ ነጠላ ገዛ፣ ነገሩ አለቀ ተባለ። ነጠላው ገና አንድ እጥበት ሳይታጠብ ዱላው ይመለሳል። በሦስተኛው ኢሊሊ ሽማግሌዎቹን ትታ ፖሊስ ዘንድ ሄደች። አንድ መርማሪ ወደ ግቢው መጥቶ ጎረቤቶቹን በየተራ ጠየቀ። አቶ ገብረጊዮርጊስ የሰው ገመና አላዳምጥም አሉ። ዙሃራ ያን ቀን ቤት አልነበርኩም አለች። ተራው ዲንቄ ላይ ሲደርስ፣ ከመርማሪው ኋላ የቆመችውን ኢሊሊን እያየች፣ ጆሮዬ ደከም ብሏል፣ አልሰማሁም አለች። ሦስት ሰፈር ማዶ የሚለቀስ ልቅሶ የማያመልጣት ሴት ናት ይህን ያለችው። ምስክር የለም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ።

ኢሊሊ ከዚያ በኋላ ሰላምታዋን አልከለከለቻትም። እንደ ወትሮዋ እንደምን አደሩ እትዬ ትላታለች። ዲንቄን ያሳመማት ይኸው ነው፤ ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዲንቄ ጧፏን ሸጣ ጨርሳ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ግቢው ገባች። ኢሊሊ የሰው ያለህ እያለች ትጮኻለች። የዙሃራ መስኮት ተዘጋ። ከአቶ ገብረጊዮርጊስ ቤት የኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፈው ሰው ድምፅ ከፍ፣ ከዚያም ከፍ አለ። ዲንቄ ሄዳ በሩን ደበደበች። በሱፍቃድ በሩን በጣት ስፋት ገርበብ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው እትዬ አላትና መልሶ ቆለፈው። ደሟን ያፈላው ፈገግታው ነው።

ወደ ቤቷ ገባች። ምን ልታመጣ እንደገባች ዛሬም ቢጠይቋት በእርግጠኝነት አትናገርም፤ ስልኳን የፈለገች ይመስላታል። እጇ ያረፈው ግን ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ጡሩንባ ላይ ነበር። አወረደችው፣ ግቢው መሀል ቆመችና ባላት ትንፋሽ ሁሉ ሦስት ጊዜ ነፋች።

የእድር ጡሩንባ ሲነፋ የጠመንጃ ያዥ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ይነሣል። የቀረ ይቀጣል፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ደግሞ ከእድሩ ይሰረዛል፤ የተሰረዘን ሰው ማን ይቀብረዋል? ስለዚህ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። ድንኳን ተካዮቹ ቋሚውን በትከሻቸው አድርገው መጡ። የእድሩ ጸሐፊ ሚደቅሳ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሱ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሲመጣ፣ ግማሽ ጢሙ የተላጨለት ደንበኛውም ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ተከትሎት መጣ፤ እድርተኛ ነዋ። አንዷማ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ከቅያሱ መግቢያ ጀምራ ሙሾ አውጥታለች።

ማን ነው፣ ማን ነው እያሉ ሲከቧት ዲንቄ ቃል አልወጣት አለ። በጡሩንባው ጫፍ የኢሊሊን በር ጠቆመች። ሰዉም ኢሊሊ ሞተች ብሎ ተረዳ። ዙሃራ ደረቷን እየደቃች ከቤቷ ወጣች። በሩ አልከፈትም ሲል ድንኳን ተካዮቹ በቋሚው ገፉት፤ ከነማጠፊያው ወደ ውስጥ ወደቀ።

በሱፍቃድ ቀበቶውን እጁ ላይ ጠምጥሞ ቆሟል። ኢሊሊ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ወለሉ ላይ ናት። ፊቷ ደም ለብሷል፣ ግን በሕይወት አለች፣ ዓይኗን ከፍታ ታያቸዋለች። ሙሾው መሀል ላይ ተቋረጠ። አርባ ሦስት ሰው በአንድ በር አጮልቆ እጅ ከፍንጅ ያዘው። በሱፍቃድ ያን የለመደውን ፈገግታ ሊያመጣ ሞከረ፣ አልመጣለትም፤ ቀበቶውን ወለሉ ላይ ለቀቀው። ሴቶቹ ገብተው ኢሊሊን ደግፈው አወጧትና ነጠላቸውን አለበሷት።

ሰፈሩ ሌላ ሰፈር የማይሠራውን ስህተት የሠራው እዚህ ላይ ነው። ሚደቅሳ የልማድ ሰው ነው፤ እድርተኛ ተሰብስቦ ካየ እጁ ወደ መዝገቡ ይሄዳል። ስም መጥራት ጀመረ። እድርተኛውም የልማድ ሰው ነው፤ ቅጣት እንዳያገኘው እያንዳንዱ እዚህ ነኝ እያለ፣ የዘገየው ደግሞ መጥቻለሁ ጻፈኝ እያለ እየተጋፋ ፈረመ። አቶ ገብረጊዮርጊስ እንደ ሊቀመንበርነታቸው በመጀመሪያው መስመር ላይ ፊርማቸውን አኖሩ። የሟች ስም ከሚለው ቦታ ሲደርስ ሚደቅሳ እስክሪብቶውን አንሥቶ ምን ልሙላ አለ። ዲንቄ ያን ጊዜ አፏ ተፈታ። ቦታውንና ሰዓቱን ጻፍ፣ ስሙን ባዶ ተወው አለችው።

አንዱ ስልክ ደውሎ ኖሮ ፖሊሶች ደረሱ። የመራቻቸው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪዋ ሳጅን ነስሪን ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን ምንም የማይዘል። በሱፍቃድ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወድቃ ነው አለ። ሳጅን ነስሪን ወደ ሕዝቡ ዞራ ያየ ማን ነው ብላ ጠየቀች። አርባ ሦስት ሰው መርፌ የጠፋው ይመስል መሬት መሬቱን ማየት ያዘ። ከዲንቄ በቀር እኔ ያለ አልነበረም። መርማሪዋ አልተቆጣችም። የሚደቅሳን ብብት አየችና ይሄ ምንድን ነው አለችው። ሚደቅሳ ስለ መዝገቡ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ደስ አለው። ደረቱን ነፍቶ፣ ይህ መዝገብ በቦታው በአካል ያልተገኘ ሰው የማይፈርምበት፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ ማኅተም ያለው ሰነድ ነው ብሎ አብራራላት። ሳጅን ነስሪን በጥሞና አዳመጠችው። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ገጹን ፎቶ አነሣችው።

ነገሩ ለሰፈሩ የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። የሚደቅሳ ፀጉር ቤት በዚያ ሳምንት እንደ በዓል ዋዜማ ሞላ፤ ፀጉሩን የሚቆረጥ ግን አልነበረም። ሁሉም ስሜን ፋቅልኝ ለማለት ነው የመጣው። አንዱ እኔ ከኋላ ነበርኩ አለ፣ ሌላዋ መነጽሬን አልያዝኩም አለች፣ ግማሽ ጢሙን ብቻ ተላጭቶ የነበረው ሰውዬ እንኳ ሳሙና ዓይኔ ገብቶ ነበር ብሎ ማለ። ሚደቅሳ መቀሱን እያፋጨ፣ እሺ እፍቃለሁ፣ ግን ቀርቷል ብዬ ነው የምጽፈው፣ ቅጣቱን ይዘህ ና ይላል። ሰዉ ይህን ሲሰማ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነበት። ስሙ ቢፋቅ ቀሪ ነው፣ ባይፋቅ ምስክር ነው። አንድም ሰው አልተፋቀም።

ኢሊሊ ሆስፒታል ታክማ፣ የሐኪም ማስረጃዋን ይዛ በሳምንቷ ተመለሰች። በሱፍቃድ በዋስ ቢለቀቅም ወደ ግቢው እንዳይደርስ ታዝዞ ወንድሙ ዘንድ ገባ። ኢሊሊ ዕቃዋን ካስቀመጠች በኋላ በቀጥታ የዲንቄ ደጃፍ መጣች። ቁስሏ አልሻረም ነበር፤ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ብዙ ሳትዞር የምትፈልገውን ተናገረች።

"እትዬ፣ ችሎት ላይም ጆሮዎ ይደክም ይሆን?"

ዲንቄ ያቺን የአልሰማሁም ቀን አንሥታ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች፤ ኢሊሊ ግን ይቅርታ ልትሰማ አልመጣችም። ያለፈው መዝገብ በምስክር እጦት እንደተዘጋ፣ ይሄኛውም ከተዘጋ በሱፍቃድ አሸንፌያለሁ ብሎ እንደሚመለስ፣ ያን ጊዜ ጡሩንባው በእውነት እንደሚነፋላት እንደ ተራ ነገር ነገረቻት። ዲንቄ ጆሮዋም እንደዳነ፣ አፏም እንደዳነ ማርያምን ብላ ማለችላት።

መሐላው ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። ረቡዕ ዕለት አቶ ገብረጊዮርጊስ መጡ። የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ድሮ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ሠላሳ አንዱንም አንቀጽ በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። ደንብ ከሌለ እድር የለም ይላሉ፤ ሰፈሩም ያፌዝባቸዋል፣ ደንቡን ግን ያከብራል። ሻይ ቢቀርብላቸው እንቢ አሉ።

"ዲንቄ፣ ሰው ሳይሞት ጡሩንባ የነፋ ከእድር ይሰረዛል፣ አንቀጽ አሥራ ሁለት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። ምንም እንዳልሰማች፣ ዕድሜ አዘናግቷት ሰው የሞተ መስሏት እንደነፋች የሚል ቃል ተጽፎበታል፤ የቀረው ፊርማዋ ብቻ ነው። ብትፈርም በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፤ ነገሩም በስህተት የተሰበሰበ ሕዝብ ነው ተብሎ ለሁሉም ይቀላል አሏት። ለሁሉም ሲሉ ለማን እንደሆነ ዲንቄ ገብቷታል። በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለችው ፊርማቸው አዛውንቱን እንቅልፍ ነሥታቸው ሰንብታለች።

ዲንቄ እስክሪብቶውን ተቀበለች። መፍራቷን መደበቅ አያስፈልግም፣ ፈርታለች። ልጅ የላትም። ቶሌሳን የቀበረው፣ እሷንም አጠገቡ የሚያሳርፋት እድሩ ነው፤ ከእድሩ ከወጣች እንደ መንገደኛ ትወድቃለች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልሰማችም የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ አላልፍ አላት።

"ጋሼ፣ አንዴ አልሰማሁም ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ያቺኑ አንዷን ውሸት ችዬ እንዴት ልኑር። ካስፈለገ ጡሩንባዬን ነፍቼ ራሴን በራሴ እቀብራለሁ።"

አቶ ገብረጊዮርጊስ ሊቆጡ ብለው ነበር፤ ሬሳ ሆና ጡሩንባ ስትነፋ ታይቷቸው ነው መሰለኝ ጢማቸው ሥር ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ኮስተር አሉና ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል ብለው ወጡ። ጉባኤው ግን የክሱ ውሳኔ እስኪታወቅ እንዲቆይ ተባለ።

ልደታ ፍርድ ቤት ከግቢያቸው የእግር መንገድ ነው። ዲንቄ በደጁ ሺህ ጊዜ አልፋለች፣ አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም። በየካቲት የምስክር ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዘንቢሏን ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ጥበቃው ዘንቢሉን ቢፈትሽ ጡሩንባ አገኘ። ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል አላት። ማስረጃ ነው ልጄ አለችው። ብትከራከረውም አላስገባላትም፤ ጡሩንባው ከቢላዋና ከመቀስ ጋር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቁጥር ተሰጣት።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ሴት ናቸው። ዲንቄ እጇን አንሥታ ማለችና ያየችውን ከባዶ ዘንቢሏ ጀምራ እስከ ቀበቶው ተናገረች። ድሮ አልሰማሁም ብላ የዋሸችውንም ማንም ሳይጠይቃት ጨመረችበት። የበሱፍቃድ ጠበቃ ተነሣ፤ ልብሱ ያማረ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። የእድር ጡሩንባ ለምን እንደሚነፋ ጠየቃት፣ ለሞት ነው አለችው። ያን ቀን ማን ሞቶ እንደነፋች ጠየቃት፣ ማንም አለችው። ጠበቃው ወደ ዳኛዋ ፈገግ አለ።

"እንግዲያው ውሸት ነፍተዋል ማለት ነው፣ እማማ?"

ዲንቄ ዞር ብላ አየች። ኢሊሊ ከዐቃቤ ሕጉ ጀርባ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ቆማ ነበር።

"ልጄ፣ ለሞተ ሰው ዘጠኝ ዓመት ነፍቻለሁ፣ አንዱም ተነሥቶልኝ አያውቅም። ለእሷ ነፋሁላት፤ ይኸው ቆማለች።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ዳኛዋ ጸጥታ አሉ፤ እርሳቸውም ግን ወረቀት የሚያገላብጡ መስለው አንገታቸውን ደፉ። ጠበቃው ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ዙሃራ መስክራ ወጣች፤ አለቀሰች እንጂ አልዋሸችም። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ የመዝገቡን ቅጂ አንሥቶ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን ስም ጠራ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ኮታቸውን ቆልፈው ገቡ። ዲንቄ ከአግዳሚው ላይ ሆና ታያቸዋለች፤ እርሳቸው በስህተት የተሰበሰበ ሕዝብ ነው ካሉ እድርተኛው በሙሉ ያንኑ እንደሚከተል ታውቃለች። አዛውንቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘው ማሉ። ዐቃቤ ሕጉ ፊርማው የእርስዎ ነው ወይ አላቸው፣ ነው አሉ። ደንብ ጸሐፊ ናቸውና ፊርማቸውን አይክዱም። ከዚያ ቀን በፊትስ የሰሙት ነገር ነበር ወይ ሲላቸው የኮታቸውን ቁልፍ ፈትተው መልሰው ቆለፉ። ዳኛዋ ጥያቄው ይደገምልዎት ወይ አሏቸው።

"አያስፈልግም ክብርት ዳኛ፣ ሰምቻለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። "አራት ዓመት ሙሉ በግድግዳዬ በኩል ሰምቻለሁ። ቴሌቪዥኑን ከፍ የማደርገውም እኔ ነበርኩ።"

 መሀረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ዲንቄ በሕይወቷ ሽማግሌ ሲያለቅስ ያየችው ብዙ ነው፤ ሥራዋ ነዋ። እንዲህ ደስ ብሏት ያየችው ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ሌላው እድርተኛ ውጭ ተሰልፎ ሲጠብቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ከተናገሩ ወዲያ ማን ምን አስፈርቶት ይዋሻል? ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ሰው ጨምሮ ካስመሰከረ በኋላ ይበቃኛል ቢል፣ ባለ ግማሽ ጢሙ ሰውዬ ሥራ ፈትቼ መጥቼ እንዴት ሳልመሰክር እመለሳለሁ ብሎ ከአስተናባሪው ጋር ተጨቃጨቀ።

በመጋቢት በሱፍቃድ ጥፋተኛ ተባለ። በቅጣቱ ቀጠሮ ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኢሊሊ ፍርዱን ቆማ ሰማች፤ አልጮኸችም፣ አልፈነደቀችም፣ ትንፋሿን ብቻ ረዘም አድርጋ ለቀቀች። የፍርድ ቤቱ ዋና በር ላይ ሲደርሱ ግን ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ ይሄ ፍርድ ቤት ነው፣ የሠርግ ቤት አይደለም አላቸው። ዙሃራ መለሰችለት፣ ያስለቀሰንማ ሠርጉ ነው ብላ። ጥበቃው ራሱ ሳቀና ለዲንቄ ያን ቀንም ጠዋት በር ላይ የተቀበላትን ጡሩንባ አምጥቶ ሰጣት። ከዚያ እስከ ጠመንጃ ያዥ ድረስ በእግራቸው፣ እየተሳሳቁ ሄዱ። የሚኒባስ ረዳቶች ሠርገኛ መስለዋቸው ኑ ግቡ እያሉ ሲጠሯቸው ነበር።

የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በሚያዝያ ተሰበሰበ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ደንቡን ይዘው ተነሡና አንቀጽ አሥራ ሁለትን አነበቡ።  ከዚያ ወደ ኋላ ገልጠው፣ አባል ችግር ሲደርስበት እድርተኛው ሁሉ ፈጥኖ ይደርሳል የሚለውን አንቀጽ ሦስትን አነበቡ። አንቀጽ አሥራ ሁለትን የጣሰች አንዲት ሴት ናት፣ አንቀጽ ሦስትን አራት ዓመት የጣስነው ሁላችን ነን፤ እንግዲህ ማን ማንን ይሰርዛል ብለው ተቀመጡ። አንዱ ከኋላ ሳይቃጠል በቅጠል አለ። አንቀጽ አሥራ ሁለት እንዲሻሻል፣ በሕይወት ላለ ሰውም ጡሩንባ እንዲነፋ ሳይከራከሩ ተስማሙ። የተከራከሩት ስንት ጊዜ ይነፋ በሚለው ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሟግተው ለሞት ሦስት፣ ለሕይወት ሁለት ተባለ፤ አለበለዚያ ሙሾ አውጪዋ አትቻልም። በጥቅምት የሰበሩትንና እስከዚያ በቆርቆሮ ተጠግኖ የቆየውንም በር ድንኳን ተካዮቹ በማግስቱ አዲስ አድርገው ሠሩት፤ ሊቀመንበሩ ምስማር አቀባይ ነበሩ።

በነሐሴ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ኢሊሊ ሥራ ይበዛባታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዲንቄ እነሱ ቤት ገብታ የተሰፋውን ዩኒፎርም እያጠፈችላት ነበር። ውጭ ይዘንባል። ኢሊሊ ፍቺዋን ጨርሳለች፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ እየሰፋች ታወራለች፣ እያወራች ትስቃለች። በመሀል የስፌት መኪናው ቆመ። ወዲያው ከአቶ ገብረጊዮርጊስ ወገን ግድግዳው ተንኳኳ። ኢሊሊ ደነገጠች፤ ሰውነቷ ገና አልለመደም።

"ልጄ፣ ደህና ነሽ?" የሚል ድምፅ በግድግዳው መጣ።

"ደህና ነኝ አባባ፣ ምነው?"

"ድምፅሽ ቢጠፋብኝ ነዋ።"

"ክር ልቀይር ብዬ ነው።"

"እንግዲያው ቀይሪ፣ ቀይሪ" አሉ አዛውንቱ።

ኢሊሊ ዲንቄን አየቻት፣ ዲንቄም ኢሊሊን አየቻት፣ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላት ኢሊሊ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባች። ከዚያ ግድግዳው ማዶ እንዲሰማ ፔዳሉን ረገጥ አድርጋ መስፋቷን ቀጠለች።